ሩብ አየር

ከራስ መኮንን ድልድይ ማዶ፣ ጋሪው ከሚቆምበት፣
አንጁሎ ፖም ይወለውላል፣ እጀጌው እስኪያረጅበት።
«የጨንቻ ነው» አለኝ፣ «ብርድ ያጠነከረው፣
ጥርስህ ሲነካው ቀጭ፣ ለጎረቤት የሚሰማ ነው።»
አንዱን አነሣሁ።
«ለበሽተኛ ነው?»
«ለማየት ነው» አልኩት።
ዝም አለ፤ በሰው አያላግጥም አንጁሎ፤
መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝ፣ «መልካም እይታ» ብሎ።

አራት ኪሎ፣ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ያለው ክፍል፣
ቢጫ ወረቀት በሩ ላይ፣ «ጨረር አለ፣ አትግቡ» የሚል።
ረድኤት በቀጭን ቱቦ ሥጋውን ሰርስራ፣
የእርሳስ ቁራጭ የምታህል ዘንግ አወጣች፣ ነጭ፣ ጠንካራ፤
እንዳትደርቅ በላስቲክ ጠቀለለቻት፣
በምትሽከረከረው ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን አቆመቻት።

ጨረሩ ያልፋል። ዘንጓ ጥቂት ትዞራለች። ደግሞ ያልፋል።
ጥላ በጥላ ላይ ይደረባል።
ሺህ ሁለት መቶ ጥላ ነው ማሽኑ የሚፈልገው፣
ያን ሁሉ ጎን አይቶ ነው አንዲት ውስጥ የሚያምነው።
(ሰውን ግን በስንት ጎኑ አይተን ነው የምንፈርደው?)

በሺህ አንድ መቶ ሰባኛው ላይ መብራት ሄደ።
ረድኤት ግንባሯን ከግድግዳው አስደግፋ ቆየች፣
አልተሳደበችም፤ በአፍንጫዋ ብቻ ሳቀች።
ጄኔሬተሩ ናፍጣ ካየ ሳምንቱ ነው።
ዘንጓ በጨለማ ጠወለገች።
መብራት ሲመጣ የፖሙን ሌላ ጉንጭ ሰረሰርን፣
ከአንድ ጀመርን።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምስሉ መጣ።
ድፍን ሥጋ ነበር የጠበቅሁት፣
ጉራንጉር ነው ያገኘሁት።
ሕዋሳቱ ቤት ለቤት፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው፣
በመሃላቸው አየር፣ ከፀጉር የቀጠነው፣
የሚጠማዘዝ፣ የሚዘጋ፣ በሌላ ወገን የሚከፈት፣
ትንፋሽ ከቆዳ ወደ ዘር፣ ከዘር ወደ ቆዳ የሚመላለስበት።
«ጥቁሩ አየር ነው» አለች ረድኤት፤ ቆጠረች፤ «ሩቡን ያህል።»
ከዛፉ ተለይቶም፣ ለካ፣ ፖም ይተነፍሳል።
ጉራንጉሩ ሲደፈን ነው መሃሉ የሚጠቁረው፤
ላዩ ቀይ እንደሆነ፣ ገዢ እያማረጠው።

ምስሉን አትሜ ለአንጁሎ ወሰድኩለት።
«ሩቡ አየር?» ሚዛኑን በጎሪጥ አየው።
«ታዲያ የስንት ሰው ሩብ ብር ነው የምመልሰው?»
«አየሩ ሚዛን አይደፋም» አልኩት፤ «አልበላህም የሰው።»
ሳቀ። ከዚያ ወረቀቱን አዞረው፣
ደግሞ አዞረው፣ ወደ ፀሐይ አነሣው።
ወፍራም ጣቱ ሦስት መንገድ በአንዴ ሸፈነ።

«ዶሮ ማነቂያ ነው ይሄ» አለ፣ «ሳይፈርስ።
በዚህ ነው የሚገባው። እዚህ ጋ ቦኖው።
እዚህ፣ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል፣
‹እንዴት አደርክ› ሳይባባሉ ማለፍ የት ይገኛል?
ይሄኛው ዝግ ይመስልሃል። አይደለም፤
በእነ ታንጉት ጓሮ ያስወጣል፤ ሌባም ፖሊስም አያውቀውም።
እኔ እዚህ ነበርኩ።»

ከኋላው አዲሱ ንጣፍ ያበራል፤ አበባ ውሃ ይጠጣል፤
አንድ ልጅ በሰፊው መንገድ እጁን ለቆ ብስክሌት ይነዳል፤
ደስ ይላል፣ አልዋሽም፣ ደስ ይላል።

ሌላ ፖም ወልውሎ ሰጠኝ። «ይሄን ግን ብላው።»
ገመጥኩት። ቀጭ አለ።
ረድኤት ነግራኛለች ድምፁ ከየት እንደሚመጣ፦
ያ ሁሉ ግድግዳ በአንዴ ሲሰበር ነው።
ለአንጁሎ አልነገርኩትም።
እሱ ግን ድምፁን ሰምቶ
ቀና አለ፣
ወደዚያ አየ።