ወለል

ሰባት ቤት አየሁኝ በዘጠኝ ቀን ውስጥ፣
ሳስካቱንን ግማሽ በአውቶቡስ፣ ግማሽ በእግሬ በረዶ ስረግጥ።
ሌላው ተከራይ ሲጠይቅ ስለ ማሞቂያው፣
ስለ መኪና ማቆሚያው፣ ስለ ልብስ ማጠቢያው፣
የኔ ዓይን ቁልቁል ነው፣ መሬት ነው የሚያየው።

«መስኮቱን አየሽው?» ትላለች ደላላዋ፣
ቁልፍ እያንቀጫቀጨች፣ ቆማ ከነካፖርትዋ።
«ድልድዩ ይታያል፣ ወንዙም ከነበረዶው።»
ወንዙን ምን ላድርገው?
ወለሉ ምንድን ነው?

ልጄ ወለላ ትባላለች። ስድስት ዓመት ሞላት።
ጆሮዋ ዝግ ነው፤ ድምፅ በዚያ በኩል ገብቶ አያውቅም።
እንጨት ላይ ስትቆም ግን
በተረከዟ በኩል ሰተት ብሎ ይገባል ዓለም፦
የበር መዘጋት፣ የወንበር መንሸራተት፣
የወደቀ ማንኪያ፣ የሰው መምጣት።
ከሁሉ ከሁሉ የእናቷን ኮቴ ታውቃለች፤
«ግራሽ ይከብዳል» ብላ በጣቶቿ ነግራኛለች።

ምንጣፍ ግን ሌባ ነው፣
ኮቴዬን ከእግሬ ሥር እየሰረቀ የሚውጠው።
ከዳቦ ቤቱ፣ ከሌሊት ሥራዬ፣ ንጋት ላይ ስገባ
ትከሻዋን ብነካት ዘላ ትነሳለች በእንባ።
እኔ እናቷ፣ በገዛ ቤቴ ሰርሳሪ።
ይኸው ዓመት ሆናት፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ መተኛት ከጀመረች፣
እንደ ዘበኛ፣ እንደ ተረኛ አዳሪ።

የመጀመሪያው ቤት ምድር ቤት ነበረ፣
ምንጣፉ እርጥብ አመድ፣ የሄደ ውሻ ጠረን ውስጡ የቀረ።
ሁለተኛውን «እንጨት ነው፣ ግቢ እይው» አሉኝ።
ተንበርክኬ አንኳኳሁት፣ ወለሉን እንደ ደጅ፤
ማንም አልመለሰ።
ፕላስቲክ ነው፣ የእንጨት ፎቶ የለበሰ።
ሦስተኛው እውነት ነው። ኦክ ነው፣ ያበራል፤
አርባ ሰው ተሰልፎ ለእሱ ያመለክታል።
«የክሬዲት ታሪክ» አሉኝ።
ታሪክስ ሞልቶኛል፤ ክሬዲት ነው የሌለኝ።
አራተኛውን ተዉት።
አምስተኛው ልጅ አይወድም፣
ስድስተኛው እኔን።

ሰባተኛው አቬኑ ኤች ላይ፣ ትከሻው የዘመመ፣
ባለቤቱ ኦረስት፣ ምድር ቤቱን ይዞ ብቻውን የከረመ።
አረንጓዴ ምንጣፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ።
«ሚስቴ ናት ያስነጠፈችው» አለ፣ «ነፍሷን ይማርና፣
ሰባ አራት ላይ። ያኔ ፋሽን ነበር።»
አመስግኜ ልወጣ ስል
ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ ጥጉ ላይ፣ የምንጣፉ ጆሮ ተልጦ አየሁት።
ጆሮውን ይዤ፣ እንደ ባለጌ ልጅ፣ ሳብ አደረግሁት።

ማር የመሰለ እንጨት፣
ሃምሳ ዓመት ጨለማ የጠገበ፣
ወለሉ ወለል አለ።

ኦረስት ቆቡን አውልቆ ጎኔ ተንበረከከ።
«ረስቼው ነበር» አለ። በአውራ ጣቱ አቧራውን አከከ።
«ግን ይጮኻል እንጨቱ፤ እኔም ከሥር ነኝ፣ እንቅልፌ ቀጭን ነው።
ምንጣፉን አንቺ ከነቀልሽው፣ የሚያዝያ ኪራይ ግማሽ ነው።»
ሌላው ወር ሙሉው ከአቅሜ በሰማንያ ዶላር ይበልጣል።
ይብለጥ። እሑድም ዳቦ ይጋገራል።

ሁለት ሌሊት ነቀልኩ፣ ሽቦውን በጉጠት፣
ስምንት መቶ ድረስ ቆጥሬ፣ ከዚያ ተውኩት።
የካውያ ጠባሳ አለው፣ የሰማያዊ ቀለም ነጠብጣብ፣
መስኮቱ ሥር ደግሞ የወንበር እግር የቆፈረው አራት ጉድጓድ፤
አንድ ሰው እዚያ ተቀምጦ ብዙ ክረምት ሳይጠብቅ አልቀረም።

ወለላን አመጣኋት። ጫማዋን አወለቀች።
የኋላው ክፍል ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች።
እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በግራ እግሬ ረገጥኩ፣ አንዴ።
ዞረች።
መለሰች፣ ሁለቴ።
ከዚያማ ማን ያቁማት! ከክፍል ክፍል፣ ከጥግ ጥግ፣
ቤቱን ከበሮ አደረገችው።

ከሥር፣ በመጥረጊያ እንጨት፣ ኦረስት ጣራውን መታ። ሦስቴ።
የውሉ ቀለም ሳይደርቅ! «በቃ፣ በቃ» አልኳት በእጄ።
እሷ ግን ቁጢጥ ብላ፣ መዳፏን እንጨቱ ላይ ዘርግታ፣
ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።
«ሰውዬው ሰላም አለኝ» አለች በጣቶቿ፤
መለሰችለት።
ሦስቴ።