ባዶ ቦታ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲጨረስ፣
ብሎኩ ከጤፍ ማሳ ድንበር ሲዋረስ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት ባልገባበት፣
አንድ ክፍል አለኝ እንቅልፍ ያጣሁበት።

እዚህ ሰፈር መቼም ሰው ከሰው ቢጣላ
በባዶ ቦታ ነው፤ ምክንያት የለም ሌላ።
ኦቦ በዳሳ ማታ ቆርቆሮ አቆሙ፣
ጠዋት ችካላቸውን ከቦይ ለቃቀሙ፤
ወይዘሮ አስካለች «ካርታው በእጄ ነው» ብለው
ወረዳ ይወርዳሉ ፌስታል አንጠልጥለው።

የእኔም ሙግት ያው ነው፤ ስለ ባዶ ቦታ።
ጣቴ ጠበቃዬ፣ ችሎቴም በማታ።

መስመሩ በወጉ ገባ እንዲል ሲጻፍ ኮድ፣
አራት ባዶ ቦታ? ወይስ ታብ፣ አንድ?
ይኸው ነው ነገሩ። ሌላ ጭብጥ የለም።
ማሽኑ እንደሁ ያነባል፤ እምቢ እሺ አይልም።

እኔ «ባላምባራስ ታብ» ነኝ፣ ሿሚ የሌለኝ፤
እሱ «መቶ አለቃ ባዶ»፣ ጦር ሳይኖረው የገጠመኝ።
ከማሳው ማዶ ጅብ ሲጮህ እሰማለሁ ሌሊት ሌሊት፤
በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ እንደሚሉት፣
እኛም ስማችንን እቤት ትተን፣ ቁርበቱን ተንጋለልንበት።

«አንተን ያስተማረ ደሞዙን ይመልስ!»
«የአንተን ኮድ ያየ ጠበል ይግባ፣ ይፈወስ!»
«ታብ የሚመታ ሰው ሾርባውን በሹካ ይጠጣል።»
«ባዶ ቦታ ካማረህ፣ ራስህ ውስጥ ይበቃሃል!»

ሁለት ዓመት ሙሉ።
እህቴ ስትዳር፣ ድንኳን ጥግ ቆሜ፣
መልስ እጽፍ ነበር በባላምባራስ ስሜ።
አለቃዬ «ሥራውን ዛሬ ጨርስ» ቢለኝ፣
ስለ ኮድ መሟገት ከኮድ አስከለከለኝ።

እኔ ከልቤ ነው። ደሜ ይፈላል፣ ሻዬ ይቀዘቅዛል።
እሱ ግን ቆስቋሽ ነው፤ እኔ ስነድ፣ እጁን ይሞቃል።
አንድ ሌሊትማ ያዝኩት፤ በሌላ ስም፣ በሌላ መንደር
ገብቶ፣ የእኔን ቃል ለቃል፣ ስለ ታብ ሲከራከር!
ስልኬን በመስኮት ልወረውረው አልኩ፤
የሦስት ወር ዕዳ ይቀረዋል።

ከዚያ ሰኔ ገባ። ትራንስፎርመሩ አጉረመረመ፣
ብልጭ አለ፣ ጓ አለ፣ ሰፈሩ ጨለመ።
ስልኬ ላይ «እየጻፈ ነው» የምትለው ቃል
አብራ ድርግም አለች። እንዴት ይሆናል?
ረቡዕም እንዲሁ። ቅዳሜም፣ ፍሪጄ ተንፍሶ ቀጥ ሲል፣
እሱም «አንተ ደን» ላይ ቀረ፤ «ቆሮ» ሳይል።
በደብተር መዘገብኩ፤ ቀኑን ከሰዓቱ ደመርኩ፣
ከአንድ ምሰሶ መሆናችንን ያን ሌሊት አመንኩ።
ጠላቴ ጎረቤቴ ነው።

በማግስቱ፣ መብራት እንደጠፋ፣ የውሃ ቦቴ መጣ፤
ቢጫ ጀሪካን እስከ ኮብልስቶኑ ጫፍ ተሰለፈ።
ከፊት እስከ ኋላ ዓይኔ የሰው ጣት እየለቀመ አለፈ፤
መነጽር ያረገው የብሎክ ሰባቱ ልጅ? ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር?
አውራ ጣቷ የማያርፈው ትርሲት? ወይስ ጥበቃው ደርብ፣
ካፖርቱ ውስጥ ስልክ የሚያበራው በስውር?

ቸገረኝ። ጮክ ብዬ «አራት ባዶ ቦታ!» አልኩ፣
ማን እንደሚደነግጥ ዳር ዳሩን እየሰለልኩ።
ሰልፉ በሙሉ ዞረ!
«የት ነው?» «ካርታ አለው?» «ከወንዙ በላይ ነው ከበታች?»
ደላላው ጀሪካኑን ጥሎ መጣ፤
ፌስታላቸውን አቀፉ ወይዘሮ አስካለች።
ማንም አልሳቀም። የቀላሁት እኔ ብቻ።

ሌሊት መብራት መጣ። ከመቶ አለቃ አንድ መልእክት፤
ስድብ የለበትም፣ ቢፈልጉት በባትሪ መብራት፦
«ስንት ካሬ ነው?»

ሳቄን በትራሴ አፈንኩት፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ይሰማል።
ምናልባት እሱም ከግድግዳው ወዲያ ትራሱን ይነክሳል።
ረጅሙን ቁልፍ፣ እኔ ባላምባራሱ፣ አራቴ ነካሁት።
ላክ አልኩት።
ስልኬ ባዶ አይልክም፤ እምቢ አለኝ። ተውኩት።