የቁልፉ አድራሻ

አምና ግንቦት ላይ፣ ነፋስ ከጅሬን ወርዶ
የሸምሲያን ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ቀዶ
አዌቱ ማዶ ጣለው።
ሁለት ልጅ አቅፋ፣ አንዱን አዝላ፣
ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተጠልላ
እስኪነጋ ቆመች።

ከጀርባዋ አዳራሽ ነበር፣ ግንቡ የጠና፤
ለአውሎ ነፋስ ጊዜ የሕዝብ መጠለያ ሆኖ
በቃለ ጉባኤ ጸድቋል።
ማስታወቂያም ወጥቶለታል፣ ባለ ማኅተም፣ በሁለት ቋንቋ፤
የተለጠፈው ግን በውስጥ በኩል ነው፣
ከተቆለፈው በር ጀርባ።

ዘንድሮ ነጂብ ባጃጁ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ
ከሂርማታ ቦሳ ቂጦ ሲመላለስ ዋለ፦
«ቁልፉ አባ ራያ ዘንድ ነው!
ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ አረንጓዴው በር!
ሌሊትም ቢሆን አንኳኩ፣
ጆሯቸው ደከም ይላል፣ በኃይል አንኳኩ!» እያለ፤
በኦሮምኛ ጀምሮ፣ ባማርኛ ደግሞ፣
ባትሪው እስኪሰንፍ።

ሸምሲያ ልብስ እያሰጣች ሰማችው።
ምንም አላለችም።
ሲመሽ ግን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣
ቅጠል እንኳ ሳይነቃነቅ፣
የታላቁን ልጅ እጅ ይዛ ወጣች፤
ከደጃፏ እስከ አረንጓዴው በር
እርምጃ ቆጠረች፦
ሁለት መቶ አሥራ አራት።

«በል» አለችው፣ «አሁን ዓይንህን ጨፍን፤
አንተ ምራኝ።»