አትርጭ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርጫ ተሸክሜ፣
ከሐርቡ እስከ ቆቦ በየደጁ ቆሜ፣
«ዕቃ አውጡ! እህል ክደኑ!» እያልሁ ደክሜ፣
የጭቃ ግድግዳ በመድኃኒት ስቀባ፣
አንድ ጠላት ነበረኝ፤ እሷም የወባ
ትንኝ ናት። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብያለሁ።
ጡረታዬ ደርሶ መርጫዬን ሰቀልሁ፤
ሌሊት ግን ጆሮዬ ሥር «ጥዝዝ» ሲል ነቃሁ።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣
የእህቴ ልጅ ሉባባ መጣች እኔን ልትጠራ።
«አጎቴ፣ ቴሌስኮፕ መጥቷል ትምህርት ቤቱ፤
ዛሬ ማታ ዙሐል ይታያል ቀለበቱ፤
ግን ቦርከና ዳር ነው፣ መብራት የሌለበቱ፤
ቢምቢው አላስቆመን። አንተ ነህ ብልሃቱ።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። መርጫዬን አወረድሁ፣
አቧራውን ጠርጌ ቧንቧውን ፈተሽሁ፣
እንደ ድሮው ምልምል እየሮጥሁ ደረስሁ።

«አትርጭ!» አለችኝ፣ እጇን ዘርግታ ገና፤
«መድኃኒቱ በኖ መስተዋቱ ላይ ያርፍና
ቅቡን ይበላዋል፤ መተኪያ የለምና።»

እሺ፤ ቅባት አወጣሁ። «እሱም አይሆን» አለች፤
«በቅባት የራሰች አንዲት ጣት ከነካች
ሌንሱ ላይ አሻራዋን ትታ ከረመች፣
ፕላስቲኩንም ጭምር እንደ ሰም አቀለጠች።»

እሺ፤ ኩበት ላጭስ? ወይራ? የጥንጁት ቅጠል?
«ጢሱስ ጥላሸት ነው፤ ከሰማይ ያቃቅራል።»

ወይ ጉድ! ሠላሳ ዓመት የተማርሁት ሁሉ
በአንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሲሻር፣ ሲጠፋ ውሉ!

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እንደ ቢምቢ አሰብሁ።
ይህችን ጠላቴን ከሚስቴ ይልቅ አውቃታለሁ።
ክንፏ ከወረቀት የሳሳ ነው፤ ነፋስ አትችልም፤
ጥቁር ልብስ ትወዳለች፤ ነጭ ብዙ አይጥማትም፤
ካልሲ ከለበሰ ቁርጭምጭሚት ጋር አትታገልም።

«ተነሡ!» አልሁ፤ «ከረግረጉ ሽቅብ፣ ወደ ጉብታው፤
ነፋስ ወደሚነፍስበት፣ ከሾላው በላይ ወዳለው።
የእጅ ባትሪውን በቀይ ሌስታል ሸፍኑ፤ ነጭ ብርሃን ጥሪ ነው።
ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይግባ፤ ነጠላ በራስ ላይ፤
እጅ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፣ ቅባት እንዳይታይ።»

አራጋው የባጃጁን ባትሪ ፈትቶ አመጣ፤
ከማራገቢያው ነፋስ በእግራችን መሀል ወጣ፤
ለቴሌስኮፑ ሳይደርስ፣ ቱቦውን ሳያናውጥ፣
ቢምቢን ብቻ ጠርጎ ወደ ገደል የሚያስሮጥ።
አጎበርም ሰቀልን በሦስት የሸንበቆ እንጨት፣
ተራ ለሚጠብቁት፣ ለታናናሾች ቤት።
ትንሿ ዚነት በውስጡ ተጋድማ ስትቆጥር፣
«ይህቺ ኮከብ ናት ወይስ ቀዳዳ?» ትላለች፤ ማን ይመስክር!

ከዚያ ተሰለፉ። አንዱ «ኧረ!» አለ፤ አንዱ ዝም፤
አንዱ «ሥዕል ለጥፈው ነው» ብሎ ጨርሶ አላመነም።

የመጨረሻው እኔ ነበርሁ።
ጎንበስ አልሁ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት፣
ቀጥሎ ጨለማ፣ ቀጥሎ አንዲት ነጥብ አየኋት፤
እየተርገፈገፈች መጣች፤ ቆመች። ሽንብራ ታክላለች፤
ቀለበቷን ሳትነካ በመሀሉ ተቀምጣለች።

ያኔ ነው የመጣችው። ጥዝዝ። በግራ ጆሮዬ ዞራ
እጄ ላይ አረፈች፤ አወቅኋት፣ ጭራዋ ሽቅብ ተወጥራ።
እንድሪስን፣ ታናሼን፣ የቀማችኝ ዘሯ ናት፣
ቆቦ ላይ፣ በመኸር፣ በሦስት ቀን ትኩሳት።

ቀኝ እጄ ተነሣ። ሠላሳ ዓመት ያውቃል መንገዱን።
ግን ባጨበጭብ ትናወጣለች፤ አጣለሁ ያቺን ሽንብራዬን፤
ከኋላዬም ዚነት አለች፣ ይዛ ሁለተኛ ተራዋን።

እጄን አወረድሁት።
ጠጪ፣ አልኋት በልቤ። ለዛሬ ብቻ ትቼሻለሁ።
ከዐሥር ቀን በኋላ ጤና ጣቢያ ጣቴን አስወጋለሁ፤
መርጫዬንም ከምስማሩ ደግሜ አወርዳለሁ፤
አሁን ግን ማንም አይንካኝ።
ገና እያየሁ ነው።