ጓንቱ ለሦስተኛ ጊዜ

ሲኒማ ቤቱ አዲስ ነው፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ይተኛል፣
ፈንዲሻው በባልዲ ይገኛል።
ሲምቦ ልጄ፣ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣
“አባ፣ ጀመረ!” አለችኝ፣ ክንዴን በጨለማ ፈልጋ።

ጀመረ። ከልደቱ ጀመረ፤
አባቱ ሊቅ ነበረ፣
ቤተ ሙከራው ነደደ፣ አባት ሞተ፣ ልጅ ጓንት ወረሰ፣
በዝግታ፣ በሙዚቃ ታጅቦ፣ ሦስት ጊዜ አለቀሰ።
ሰማያዊዋ ጓንት ከሸራው ወጥታ አፍንጫዬ ሥር ደረሰች፤
ሲምቦ ደንግጣ ፈንዲሻዋን አፈሰሰች።

እኔን ግን ቅር አለኝ፤
አባት አለው መባሉ አስከፋኝ።
የእኔው ጓንቱ እኮ አባት አልነበረውም፤
ሰርግ እንጂ ሰው አልወለደውም።

ናዝሬት ትባል ነበር ያኔ ከተማዋ፤
ባጃጅ አልመጣም፣ ጋሪ ነው ጌጧም ጣጣዋ።
ከመናኸሪያው ኋላ
የእትዬ ትርንጎ ቪዲዮ ቤት፤ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፣ መቀመጫው ጣውላ፤
ከላይ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፣
አቧራው በምስማር ቀዳዳ፣ በብርሃን ታዝሎ ይመጣል።

ካሴቱ አንድ ነው። መግቢያው ግን ጠፍቶ፣
በላዩ የሙሉነሽና የቱፋ ሰርግ ተቀድቶ፤
ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሚዜው ይጨፍራል፣
ሙሽሪት አቀርቅራለች፣ ወፍራሙ አጎቷ ካሜራው ፊት ይገተራል፤
ድንገት ጭርርር... ነጭ መስመር፣ ዝናብ የመሰለ፣
ያ ሰው ከዳሱ ተነሥቶ ፎቅ ላይ ዘለለ።
ስሙን ማን ሰምቶት? “ጓንቱ” አልነው፣
ጓንቱ ሆኖ ቀረ፤ ይኸው ነው።

ሌንጂሳ ማይኩን ይዞ ይተረጉማል፤
እንግሊዝኛው ከእኛ አይበልጥ፣ ግን ዝም ማለት ይጠላል።
“ያ ወፍራም ጠላት፣ ቅድም ያያችሁት አጎት ነው” ይላል፣
“የሙሉነሽን ጥሎሽ ሰርቆ አምልጧል!”
በቃ። ዓለም ብትጠፋ ለእኛ ምናችን ነው?
የምናጨበጭበው ለአንድ ሀብል ነው።
መጨረሻው ላይ ዴኩ ካሴቱን ይበላል፤
ሌንጂሳ በጨለማው፣ “ወርቁ ተመልሷል፣ ውጡ!” ይላል።

ሁለተኛው በሲዲ መጣ፣ ጓንቷን ጥቁር አድርገው፤
(ሰማያዊው ምን በደለ? ንገሩን እስቲ፣ ለምን ነው?)
ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ፣ ሌሊቱን ሙሉ ኩርፊያ፤
ማን ማንን እንደመታ የለውም መለያ።
ከተማዬም በዚያው ሰሞን የጥንት ስሟን አጥልቃ፣
አዳማ ተብላ፣ ማኅተም ስትቀይር ነበር ተጨንቃ።
ብቻዬን አየሁት፣ በተከራየሁት ክፍል፤
ሌንጂሳ የለ፣ ጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳል።
የሚተረጉምልኝ አጣሁ። እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ፤
ምንም ነገር ግን አልተነገረኝም፤ ተነሥቼ አጠፋሁ።

የዛሬው ሦስተኛ ነው። እውነቱን ለመናገር ያህል፣
ድብድቡ ይታያል፣ ተዋናዩ ጎበዝ ነው፣ ታሪኩም ይያያዛል፤
ሰማያዊው ቀለም ተመልሷል፣ የተጸጸተ ሰው አለ ማለት ነው፤
ቀልድ አለው፣ ምሕረት አለው፣ ጠላቱ እንኳ ምክንያት አለው።

የድሮው ይበልጣል ብል አፌን በሞላ፣
ውሸት ነው። ሙሉ ቅጂውን አግኝቼው ነበር በኋላ፤
የጠፉብንን ሃያ ደቂቃዎች አየኋቸው፦
ሰውየው ቢሮ ይገባል፣ ያዛጋል፣
ከጸሐፊዋ ጋር ያወጋል፣
ጓንቷን መሳቢያ ውስጥ ያገኛታል። በቃ።
ሙሉነሽ የለችበትም።
ምንም ወርቅ አልተሰረቀም።

ስንወጣ ነፋሱ አቧራ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።
“አባ፣ ከሦስቱ የትኛው ይሻላል?”
አልመለስኩም። ወንጂ መውጫ ድረስ በባጃጅ ሄድን፤
ሸንኮራ የምትሸጥ ሴትዮ ዘንድ ወረድን።
ፀጉሯ ሸብቷል፤ ቢላዋው በእጇ ላይ ይሮጣል፣
ልጣጩ እንደ ቴፕ ተጠቅልሎ እግሯ ሥር ይወድቃል።

“የጓንቱ እናት ናት” አልኳት ሲምቦን፣ በጆሮዋ፤
ሙሉነሽ አልሰማችም፤ መልስ ትፈልጋለች ከጉያዋ።
ልጄ ትክ ብላ አየቻት፤ ከፊቷ ተነሥታ እስከ እጇ ወረደች፣
“ጓንት የላትም እኮ” አለች።