አራተኛው ቅጽ

ሌሊት ተረኛ ነኝ፣ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር፤
ሃያ ሁለት ቁልፍ በሚስማር ላይ ድርድር፣
ነፋሱ አሸዋውን ሲወረውር በበር፣
አንገቱን የታመመ ቬንትሌተር ሲያቃስት፣ ሲዞር፣
ቦቴው፣ ተሳቢው ጎን ለጎን ሲያድር፣
እኔ እዚህ አይደለሁም።
እኔ በዚህ ሰዓት
ፊታውራሪ በሻህ ባሠሩት ቤት፣
ከልጅ ልጃቸው ልጅ ጓዳ
ቁጭ ብያለሁ፣ እንዳልተጠራ እንግዳ።

ሦስት ዓመት ጠበቅሁት ይህን አራተኛ ቅጽ፤
እጅ በእጅ ሲዞር ያበጠ፣ ጥግ ጥጉ የታጠፈ ገጽ፣
እርሳስ የጫረው፣ ዘይት የነካው።
ጋሽ ቱሉ አከራዩ፣ መነጽሩን በክር ያሰረው፣
«በቀን አምስት ብር ነው፤ ዓርብ መልሺ» አለኝ፤
«የወንጂው ሸንኮራ መዛኝ ወረፋ ይዟል፤ ሰው አታስቀይሚብኝ።»
ዓርብ ነገ ነው።
ስልሳ ገጽ ይቀረኛል።

አንደኛው ቅጽ ስም ያሸክማል፤
ማን የማን ልጅ እንደሆነ በጣት ሲያስቆጥር ያደክማል።
ሁለተኛው ያጣላል፤ ሦስተኛው ይቀብራል።
አራተኛው ግን የዘመድ ቤት ነው፤ ሳያንኳኩ ይገባል።
የትኛው ወለል እንደሚንቋቋ አውቃለሁ፤
ሳጥኑ ለምን እንደተቆለፈ አውቃለሁ፤
ስንዱ አታውቅም። ሃያ ዓመቷ ነው፤
ለእሷ ሳጥን ሳጥን ነው።
ቅድመ አያቷ እሜቴ ትርንጎ ሲሞቱ እሷ የት ነበረች?
ገና አልተጻፈች!
እኔ ግን ነበርኩ፤ ሁለተኛው ቅጽ፣ ሐምሌ፣ ዳሱ ሲያፈስ፣
እዚሁ፣ አንሶላ ክምር ላይ ተደግፌ ሳለቅስ።

ደግሞ ያ ጉድጓድ!
ዳዲ ነው የቆፈረው፣ በአንደኛው ቅጽ፣ በጋውን ሙሉ፤
ሠላሳ ክንድ ወርዶ ውሃ ሲያገኝ፣ ፊታውራሪ «ነገ ና» ይላሉ።
ነገ አልመጣም። ምዕራፉ በዚያው ተዘጋ።
ጥልቀቱን የሚለካው በፉጨት ነበር፣ ጆሮውን ጥሎ ከጉድጓዱ አፍ ጋ።

አሁን፣ ገጽ ሦስት መቶ አርባ ላይ፣ ስንዱ ከዚያው ቀድታ
ብስክሌቱ ለተነፈሰበት መሬት ቀያሽ ጣሳውን ሰጠች፣ አንገቷን ደፍታ።
«ስምህ ማነው?» «ለሚ።» ጠጣ፤ አመሰገነ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ
ወደ ውስጥ አፏጨ፣ ጆሮውን ጥሎ።
በቃ። ደራሲው ነጥብ አድርጎ አለፈ፤
ስለ ዳዲ አንድ ፊደል አልጻፈ።
እኔ ግን ብድግ! ወንበሩ ወደቀ፣ ክርኔ ደወሉን መታ፣
ጩኸቱ ቀደደው ያንን ሁሉ ጸጥታ።
ሦስት ቅጽ ሙሉ፣ ሺህ ሁለት መቶ ገጽ፣ ያ ፉጨት እዚያ ታች ቆይቶ
ዛሬ ተመለሰ፣ በሌላ ከንፈር ወጥቶ።

ዘጠኝ ቁጥር ነቃ። ከጋላፊ የመጣ ሾፌር፣ በነጠላ ጫማ፣
«ምነው፣ ሰላም ነው? ወረድኩ እኮ ደወል ስሰማ።»
ሽፋኑን አየው። ዓይኑ እንቅልፉን ጣለ።
«እኔ ሁለተኛው ላይ ቀረሁ» አለ፤
«ረዳቴ ሻይ አፈላበት፣ በረሃ ላይ፣ ቅጠል በቅጠል ነቅሎ።
ያ ጉድጓድ ቆፋሪስ? ከፈሉት፣ ወይስ ቀረ ተታልሎ?»

ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ነከስኩት።
«ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ጋሽ ቱሉ ጋ አለልህ» አልኩት።
«አንቺ ጨካኝ!» ብሎ እየሳቀ ወጣ ደረጃውን።
አሁን ቀስ እላለሁ፤ ገጽ አንብቤ እወለውላለሁ አንድ ቁልፍን፤
ሌላ ገጽ፣ ሌላ ቁልፍ።
ሲያልቅ ምን ላደርግ ነው?

ሊነጋ ሲል ባጃጁ ተንጫጫ። ቦቴው ጥቁር ጭሱን ተፋ፤
ዘጠኝ ቁጥር ቁልፉን መጽሐፌ ላይ ትቶ ጠፋ፤
ከሥሩ አሥር ብር፣ በደረሰኝ ጀርባ የተጫረ ጽሕፈት፦
«ለሁለተኛው ቅጽ፣ የሁለት ቀን ኪራይ። እስክመለስ ያዢልኝ፤ ማንም እንዳያፈላበት።»

ዓርብ ነጋ።
ሦስት ገጽ ይቀረኛል።
ስንዱ የሳጥኑን ቁልፍ አግኝታለች፤ ገና አልከፈተችም፤
የወንጂው መዛኝ ይታገሠኝ፤ እኔም አልቸኩልም።