የተበጠሰበት ቦታ

አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ጥግ ያለው ወንበር፣
ሌሊቱን ወርቅ ስስብ አድራለሁ፣ መብራት ከሄደ ዕለት በቀር።
እጄ ላይ አንዲት ግራም የለም፤ ስክሪን ላይ ነው ሀብቴ፤
«የማይመዘን ወርቅ!» ብሎ ስቆብኛል አባቴ።

እሱ ፒያሳ ነው ያረጀ፣ ከጉጠትና ከወናፉ፣
ሽቦ በቀዳዳ ሲያሳልፍ፣ ከሰፊው ወደ ጠባብ አፉ።
የሱ ቀጭን ክር ያህላል። የኔው ከዚያም ይቀጥናል፤
ሲሳብ ሲሳብ ወገቡ ሰልሎ፣ በመጨረሻ ሰልፍ ይሆናል፦
አንድ ባንድ የቆሙ አቶሞች፣ እንደ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ሰልፍ፣
በካፊያ፣ ከጊዮርጊስ በታች፣ ማንም ማንንም የማያልፍ።
አምስት ያህል ሲደረደሩ ይበጠሳል። ድምፅ የለው።
የኃይሉ መስመር ሽቅብ ወጥቶ፣ ቁልቁል ወርዶ ይተኛል። ያው ነው።

ዶክተር ኪሮስ፣ አማካሪዬ፣ መነጽራቸውን ግንባር ላይ ሰቅለው
«ንጹሕ ሽቦ የት ይገኛል?» አሉ፣ «አየሩስ የት ሊቀር ነው?
አንድ ባዕድ አስገቢበት፤ ኦክስጅን ይሁን፣ ካርቦን ይሁን፤
ከዚያ ሳቢና ጻፊልኝ፣ በየት እንደተበጠሰ፣ ቦታውን።»

እኔም በልቤ ፈረድኩ፣ ገና አዝራሩን ሳልጫን፦
በባዕዱ በኩል ነው እንጂ! ሌላ በየት ሊሆን?
ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ ዕቃ ሲጠፋ ከቤት፣
እንግዳው አይደል መጀመሪያ ጣት የሚቀሰርበት?

እኛም ቤት ነበር፣ ሙዘሚል። ሊስትሮ ሆኖ ነው የመጣ፣
ሳጥኑን ከሱቃችን ደጃፍ የሚያስቀምጥ፣ ፀሐይ ሲወጣ።
አንድ ክረምት አባቴ ከዝናብ አስገባው፤ ወናፍ ንፋ አለው፤
ይኸው ሃያ ዓመት፣ አልወጣም። ቀለበት ሠሪ ነው።

ወንድሞቼ አንለይና ባይለየኝ (ስማቸውን ልብ በሉ)
ያባቴን ሱቅ በቁም ሳለ፣ በፍርድ ቤት ተካፈሉ።
እናቴ «ባዕድ ገብቶብን ነው» አለች፤ ጎረቤትም ደገመ፤
ሙዘሚል መልስ አልሰጠም። ጉጠቱን ይዞ ካባቴ ጎን ቆመ።

ኦክስጅን ቀይ ነው ስክሪን ላይ። ከሰልፉ መሀል ሰካሁት።
ወርቆቹ ወደሱ ጠጋ አሉ። ጥቂት በጥቂት ሳብኩት።
መብራት ሄደ። ጠበቅኩ። መጣ። ካቆምኩበት ቀጠልኩ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤ ከደጅ የዘበኛው ሳል። ደግሜ ሳብኩ።
አምስትን አለፈ። ስድስት።
ሰባት።
ከዚያ ለቀቀ።

በቀዩ በኩል አይደለም።
ቀዩ በግራ በቀኙ ሁለት ወርቅ እንደጨበጠ ነው፤
የተበጠሰው ከሱ እልፍ ብሎ፣
ወርቅና ወርቅ መሀል ነው።

ካርቦን ሞከርኩ፤ ያው።
ድኝ ሞከርኩ፤ ያው።
(ስለ ሰው የሚያረጋግጠው የለም፤ ዶክተር ኪሮስ ይቆጡኛል።
ደግሞስ ባዕዱ ጠብቆ ሲይዝ፣ ጎረቤቱን አላልቶት ይሆን?
ይኼንንም ጽፌያለሁ፣ በግርጌ ማስታወሻ።)

ሲነጋ በእግሬ ወረድኩ ፒያሳ። ሱቁ መሀል አዲስ ግድግዳ አለ፣
ወዲህ የአንለይ፣ ወዲያ የባይለየኝ፣ ሲሚንቶው ገና ያልተቀባ።
አባቴ ከጓሮ ተቀምጧል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።
«ሃያ አራት ካራት» አለኝ ሳልጠይቀው፣ «ለቀለበት አይሆንም። ይለመጣል።
መዳብ ጠብ ካላረግሽበት።»

ስልኬን አወጣሁ፣ ለናቴ ልነግራት።
መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ሙዘሚል ቀና አለ ከሽቦው። «የትናንቱ ስንት ደረሰ?»
«ሰባት» አልኩት።
«ሜትር?»
«አቶም።» ሳቀ።
«በይ ያዢልኝ» አለ፣ ጫፉን በጉጠት አቀብሎኝ።
ያዝኩ።